ስለ ሽንኩርት ነው ያወራነው

ይሄነው የሴቶች ቅሬ ውስጥ የገባው ሽንኩርት ይዞ ነው።

አባ ንጉሡ ያረፉ ዕለት ጠዋት ነበር። እኛ ሴቶቹ ከጓሮ ጉልቻ ጎልተን፣ ለንፍሮ ውኃ ጥደን፣ ገና ወሬያችንን ልንጀምር ጉሮሯችንን ስንጠርግ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። በአንድ እጁ አንድ ፌስታል ቀይ ሽንኩርት፣ በሌላው ቢላዋ ይዟል። «እንዴት አደራችሁ» አለና ከጎረቤታችን ከፈርሂያ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ እንዳለም መላጥ ጀመረ።

ሃያ ሰባት ሴት አንድ ጓሮ ውስጥ ተሰብስቦ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። አባ ንጉሡ ራሳቸው ቢነሱ ኖሮ እንኳ ሁለት ሦስታችን አንድ ነገር ባልን ነበር።

«መንገድ ስተህ ነው?» አሉት በመጨረሻ እሜቴ ሙሉሐረግ። የሴቶች ቅሬ ዳኛ ናቸው። «ወንዶቹ እኮ መቃብር ናቸው። በላይ በኩል።»

«አውቃለሁ» አለ ይሄነው፣ ቀና ሳይል። «የመጣሁት በብርሀንነሽ ስም ነው።»

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት የሚቀብርና የሚያስተዛዝን የሰፈር ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አለበት። ሰፈራችን ድንጋይ በር ከመካነ ሰላም በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ቅሬውም ሁለት ነው። የወንዶቹ መቃብር ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ዳስ ይጥላል። የሴቶቹ ውኃ ይቀዳል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሙሾ ያወርዳል፤ የሞተችው ሴት ከሆነች ደግሞ ገላዋን ያጥባል። እያንዳንዱ ቤት ለዚያኛው አንድ ወንድ፣ ለዚህኛው አንዲት ሴት ያቀርባል። ሦስት ቀብር የቀረ ቤት ስሙ ይፋቃል። ስሙ የተፋቀ ቤት ሬሳ ቢወጣው ጎረቤቱ አጥር ከማጠር ቀና አይልም። ወንድ የሌለበት ቤት፣ እንደ እኔና እናቴ ቤት ማለት ነው፣ ከቁፋሮው ይማራል፤ በወንዶቹ ስብሰባም አፍ እንዳለው አይቆጠርም። ምሕረቱ ይኸው ነው።

እኔ የትምወርቅ የሴቶቹ ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከቤት ወጥቶ የቀረው ወንድሜ ከጣላቸው ደብተሮችና ከዘይት ጀሪካን ላይ ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሱት ሲያነቡ እሰማቸዋለሁ፤ አልቀናም።

በደብተሬ ላይ ብርሀንነሽ ከሚለው ስም ፊት ሁለት ጭረት ነበር። ብርሀንነሽ የይሄነው ሚስት ናት። የሣር ቤታቸውን ቆርቆሮ ላልብስ ብላ ሪያድ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። ልጅ የላቸውም። ለቅሬው የአጎቷ ልጅ ስትቆምላት ኖራ፣ እሷም ባለፈው ጥር አግብታ ወረኢሉ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ሞተ፤ ሁለት ጭረት። ሁለቱንም የጫርኩት እኔ ነኝ።

አባ ንጉሡ ሦስተኛው ነበሩ።

ያን ቀን ሥራው በግማሽ ሰዓት አለቀ። ሽንኩርቱ ተከተፈ፣ ውኃው ፈላ፣ ንፍሮው በሰለ፣ ሁላችንም ተናደን ወደየቤታችን ገባን። ለቅሶ ቤት ውሎ ምንም ሳይሰሙ መመለስ፣ ገበያ ውሎ ባዶ ስልቻ ይዞ እንደ መመለስ ነው።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ስብሰባው የተደረገው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው አፋፍ ላይ ነው፤ ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ስለሆነ። ስልኩ ለምን እንዳስፈለገ ወዲያው እነግራችኋለሁ።

«ቅሬው የሴት ነው» አልኩ መጀመሪያ። «ወንድ ከገባበት የወንድ ይሆናል። ዛሬ ሽንኩርት ይልጣል፣ በዓመቱ ሊቀመንበር ነው።»

«ወላሂ እውነቷን ነው» አለች ፈርሂያ። «የሴቶች ቁጠባ ማኅበራችንም እንዲህ ነው የሄደው።»

ይሄነው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። አርባ ያልሞላው፣ አንገቱ የረዘመ፣ ሲናገር መሬት የሚያይ ሰው ነው።

«ሊቀመንበርነት አልፈልግም» አለ። «እናቴ ተኝታለች። ግራ ጎኗ ከከዳት ሁለት ዓመት ሆናት። ነገ የሞተች ቀን ማን ያጥባታል? እኔ ወንድ ልጇ ነኝ፤ የእናቴን ገላ እጄ አይነካም፣ ዓይኔም አያይም። ከቅሬ ከተፋቅሁ እናቴ ሳትታጠብ አፈር ትገባለች። ሌላ የምለው የለኝም።»

እናቱን፣ እማማ በዛችን፣ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ደህና ሳሉ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሲያዋልዱ የኖሩ ናቸው፤ እኔም ራሴ መጀመሪያ ያየሁት ፊት የእሳቸውን ነው።

«አግባ እንዳንልህ ሚስት አለችህ» አሉ እሜቴ ሙሉሐረግ። «ፍታት እንዳንልህ ቆርቆሮው እየመጣ ነው።»

«በሉ እንግዲህ እሷን እንጠይቃት» አለች ፈርሂያ፣ ስልኳን ከጉያዋ እያወጣች።

ብርሀንነሽ በአራተኛው ጥሪ አነሳች።

«ማን ሞተ?» አለች፣ ሰላም ሳትል።

«ማንም አልሞተ።»

«እማማ ናቸው? አትደብቁኝ!»

«ማንም አልሞተ ተባልሽ እኮ። ባልሽ የሴቶች ቅሬ ልግባ ብሎ ነው።»

ድምፅዋ ጠፋ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎን ስልኩን ወደ ሰማይ ሰቀልነው። ከላይ ሳቅ ወረደ።

«ሽንኩርት እንዴት አድርጎ ነው የሚከትፈው?»

ፈርሂያ ይሄነውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ቀጭን አድርጎ» አለች፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ሳይላት።

«ከእኔስ ይሻላል። ተቀበሉት በሉ። እኔ እዚህ የሰው አገር ሰው ሳጥብ እውላለሁ፤ እሱ የአገሩን ድስት ቢያጥብ ምን ይሆናል?» ከዚያ ተቋረጠ።

እሜቴ ሙሉሐረግ ፈረዱ። «ትልጣለህ፣ ትከትፋለህ፣ ውኃ ትቀዳለህ። ጓሮ ውስጥ የሰማኸው ከጓሮ አይወጣም።»

«ምን እሰማለሁ?» አለ ይሄነው።

«እሱን ስትሰማ ታውቀዋለህ።»

ሃያ ስድስት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ። ተቃውሞው የኔ ነው፤ በጥሩ እጅ ጽፈት አስፍሬዋለሁ።

*

ያን ዓመት ሞት በሰፈራችን ሥራ አልፈታም። በዐቢይ ጾም አጋማሽ አለኸኝ የሚባለው ቀለም ቀቢ ሞተ። ይሄነው ከሁላችን ቀድሞ ደርሶ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።

የመጀመሪያውን ሰዓት ስለ እሳቱና ስለ ውኃው ብቻ እየተነጋገርን ሠራን። በሁለተኛው ሰዓት ፈርሂያ ረሳችው። የወንዶች ቅሬ ዳኛ ጋሽ ሞላ፣ ደሴ ከተማ ሄደው ስላስገጠሙት ጥርስ ጀመረች፤ ጥርሱን ሰው ሲመጣ እንደሚሰኩትና ሊበሉ ሲሉ እንደሚያወልቁት ሚስታቸው ነግራታለች። ሳቅ ሆነ። ከሳቁ በኋላ ማን ይመልሰን? ይሄነው እዚያው ሽንኩርት ላይ አቀርቅሯል፤ ዕንባው ይወርዳል፤ ይሳቅ ያልቅስ አይለይም። ቀትር ላይ የሰፈሩ ትዳር ሁሉ ተዘርግፎ፣ ተበጥሮ፣ ተሰብስቦ ነበር።

ማታ ወንዶቹ ጠላ ቤት እንደከበቡት ሰማሁ።

«እስቲ ንገረን፣ ምን ያወራሉ?»

«ስለ ሽንኩርት» አለ ይሄነው።

«ግማሽ ቀን ሙሉ?»

«ብዙ ሽንኩርት ነበር።»

በዚህ ብቻ ወንድ አላምንም። ስለዚህ በአለኸኝ ሰልስት ዕለት፣ ሌሎቹ ወደ ለቅሶው ወጥተው ሁለታችን ድስት ጥበቃ ስንቀር፣ ወሬ ወረወርኩለት። የወረኢሉ መስመር ሹፌር ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው፤ እኔም እሺ ልል ነው፤ እናቴ አልሰማችም፤ አልኩት። ሹፌር የለም። እሱም «መልካም» ብሎ እሳቱን ቆሰቆሰ።

ድንጋይ በር ውስጥ ወሬ ከላይ ሰፈር ታች ሰፈር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ንፍሮ እስኪበስል ነው። እናቴ አልታዬ ደግሞ ያልተባለውንም የምትሰማ ሴት ናት። አንድ ቀን ጠበቅሁ፣ ሦስት ቀን ጠበቅሁ፣ ዐሥር ቀን ጠበቅሁ። ምንም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ታክቶኝ ራሴ ነገርኳት፤ ውሸት መሆኑንም ጨመርኩላት።

«ለምን ትዋሻለሽ?» አለች።

«ሰው ልፈትን ብዬ ነው።»

«እሺ» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ሹፌሩስ ጨርሶ የለም?» አለች።

*

የሴቶቹ ጉዳይ እንዲህ ተቃና። የወንዶቹ ደግሞ ተጣመመ።

አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ድስት ሥርም መቃብር ላይም አይገኝም። ይሄነው የአባ ንጉሡንም የአለኸኝንም ቁፋሮ ቀርቶ ነበር። ጋሽ ሞላ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ነገሩት። «ድስት ሥር የተገኘ ሰው መቃብር ላይ አልተገኘም። ሁለት ቀርተሃል። በሦስተኛው ስምህን እፍቃለሁ።»

ነገሩን ሳሰላው ሴቶቹ እማማ በዛችን አጥበው ሊያስቀምጡለት፣ ወንዶቹ ላይቀብሩለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን መጣ። ከደጅ ቆሞ፣ «እንወናፈል፣ የትምወርቅ» አለ።

ወንፈል ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዛሬ የአንተን አርሼ ነገ የእኔን ታጭድልኛለህ፣ ቀን በቀን ነው። የይሄነው ሐሳብ ቀላል ነበር። ለቤታችን እናቴ ትቁም፤ እኔ በብርሀንነሽ ስም ድስቱ ጋ ልቁምለት፤ እሱ ሄዶ መቃብሩን ይቆፍር። በቆምኩለት ቀን ልክ እሱ በበሬዎቹ ማሳችንን ያርሳል። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ማሳው በእኩል ነው የሚታረሰው፤ ግማሹ ምርት የሰው ነው። ከወንድ ጋር ወንፈል የተዋዋለች ሴት ደግሞ ሰምቼ አላውቅም። በሁለቱም ምክንያት እሺ አልኩ።

ወደ እሜቴ ሙሉሐረግ አብረን ሄድን። ጉዳዩን አስረዳሁ፤ በሚገባ ነው ያስረዳሁት። እሜቴ አዳመጡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አንቺን ተቀብለን እሱን እንስጥ?»

«ምን አጎደልኩ እሜቴ?»

«ልጄ፣ አንቺ ጽሕፈት ታውቂያለሽ። ንፍሮ ግን ታሳርሪያለሽ። የአባ ንጉሡን የኋለኛውን ድስት ማን አሳረረው?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«የገዛ አባትሽን የተዝካር ንፍሮ ማን አሳረረው?»

ይሄነው መሬት መሬቱን ያያል። ሳቁን እንደዋጠ አውቃለሁ።

«እሱ ከኛ ጋር ይቆያል» አሉ እሜቴ። «እጁ ገብቷል። ገና አሁን ደግሞ ሌላ ወንድ አላለምድም።»

በሐሰት ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ። በእውነት ስለ ተሰደብኩ አፌ ላይ የመጣውን አልኩ። «እንግዲያው መቃብሩን እኔ እቆፍርለታለሁ።»

«ቆፍሪ» አሉ እሜቴ፣ ጨው ላምጣ ያልኳቸው ይመስል።

ጋሽ ሞላ ግን እንዲህ በቀላሉ አልወሰዱትም።

«ሴት መቃብር ቆፍራ አታውቅም» አሉኝ።

«ወንድስ የለቅሶ ሽንኩርት ከትፎ ያውቅ ነበር?»

«ሰማይ ይቆጣል! በረዶ ይመጣል!»

«በየዓመቱ ለእርከን ሥራ ጠርታችሁ ቦይ ስታስቆፍሩን፣ ድንጋይ ስታሸክሙን ሰማዩ የት ሄዶ ነበር ጋሽ ሞላ?»

መምሬ ብዙአየሁ በዚያ ሲያልፉ ጋሽ ሞላ አቆሟቸው። መምሬ በመስቀላቸው ጉንጫቸውን እያከኩ አሰቡ። «ጉድጓዱ ምን ያህል ይጥለቅ እንደሚባል አውቃለሁ» አሉ። «ማን ይቆፍረው የሚል ግን ያነበብኩት ቦታ የለም።» ይህን ብለው ቁርሳቸው እንዳይቀዘቅዝ ሄዱ።

«ትሞክር» አሉ ጋሽ ሞላ። «መጀመሯን ሳይሆን መጨረሷን እናያለን።»

*

በሰኔ መጀመሪያ የመምሬ ብዙአየሁ አጎት አረፉ። የአባቴን ዶማ ይዤ ወጣሁ። ወንዶቹ ምሥራቁን ጫፍ ሰጡኝ። ምሥራቁ ጫፍ ድንጋያማ መሆኑን ከሰጪዎቹ ፊት ነው የተረዳሁት፤ ሁሉም በድንገት ጨዋ ሆነው ነበር።

ክንድ የሚያህል እንደወረድኩ ጥቁር ድንጋይ ገጠመኝ። ዶማው ተንጣጣ። ሰባት ወንድ ሥራውን ትቶ በዶማ እጀታ ላይ ተደግፎ ቆመ። አንዱ ሲጋራ ለኮሰ፤ የሚያየውን ትርኢት ላለማቋረጥ ይመስለኛል ክብሪቱን ሳያይ ነው የጫረው።

ድንጋይ በስድብ አይወጣም። ዙሪያውን መነጠርኩት፣ ሥሩን ፈልቅቄ አፈሩን በእጄ አወጣሁት። ሲነቃነቅ ቀና አልኩ። ጋሽ ሞላ ዲጂኖ አቀበሉኝ። ብረቱን ከሥሩ ከትቼ ሰቀልኩት፤ ድንጋዩ ተገልብጦ ወጣ። መጠኑ የተኛ በግ ያህላል። ማንም አላጨበጨበም። ሲጋራ የለኮሰው ሰውዬ ሲጋራውን ረግጦ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስንጨርስ ጋሽ ሞላ ጉድጓዱን በክንዳቸው ለኩት፤ የኔን ጫፍ ሁለት ጊዜ ለኩት።

«የይሄነው ቤት ተገኝቷል» አሉ።

እጄ አራት ቦታ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ለእናቴ ጓንቴን ረስቼ ነው አልኳት። ጓንት ኖሮኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ይሄነው ጥማዱን እየነዳ መጥቶ የቁፋሮዬን ቀን መለሰ። ለገብስ የሚሆነውን የላይኛውን ማሳ ከጠዋት እስከ ማታ አረሰው። እኔ ከዳር ቆሜ ተቆጣጠርኩ፤ ወንፈል ነዋ።

«አያ ይሄነው፣ ትልምህ ወደ ግራ ያዘነብላል።»

«በሬው ነው።»

«አምና ሌላ በሬ ነበረህ። አምናም ያዘነብል ነበር።»

ፈገግ አለ። «እንግዲያው እጄ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ አባቴ ገርፎኝም አልተቃናልኝ። እህሉ ግን ቀና ብሎ ነው የሚበቅለው።»

ሐሰት አልተናገረም። ድንጋይ በር ያለ ሰው ሁሉ የይሄነውን ማሳ ከማዶ ያውቀዋል። ትልሙ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ግራ ዘመም ይላል፤ ነፋስ ያጎነበሰው ሣር ይመስላል። ልጆች በሌላ ሰው ማሳ ላይ ካዩት «ይሄነው እዚህ አርሷል» ይላሉ።

*

እማማ በዛች በነሐሴ፣ ዝናቡ በጸናበት ሳምንት፣ ማለዳ ላይ አረፉ።

ይሄነው እሜቴ ሙሉሐረግ በር ላይ ቆሞ፣ «እናቴ» አለ። የቀረውን አልጨረሰውም። ጸሐይ ሳትወጣ ሁለቱም ቅሬ ነቅሎ መጣ። አንድ ቤት አልቀረም፤ ስም ጠርቼ አረጋግጫለሁ። ወንዶቹ ግማሾቹ ዳስ ጣሉ፣ ግማሾቹ ዶማ ይዘው ወጡ። ይሄነው በወጉ ነጠላውን አደግድጎ ከወንዶቹ መሀል ተቀመጠ። በሕይወቱ ሽንኩርት ያየ አይመስልም ነበር።

ለማጠብ የገባነው አራት ነን፤ እሜቴ ሙሉሐረግ፣ እናቴ፣ አንዲት የታች ሰፈር ሴትና ውኃ አቀባይዋ እኔ። ፈርሂያ ከበር ላይ የሞቀ ውኃ ታቀብለኛለች። እሜቴ አመድ፣ ጨርቅና አሪቲ ይዘዋል። የሚያገኙትን ስለሚያውቁ ነው፤ ሁለት ዓመት በአንድ ጎኑ የተኛ፣ ሴት በሌለበት ቤት የቆየ ሰው ምን እንደሚመስል ብዙ አይተዋል። ማን ሲያገላብጣቸው፣ ማን ሲያጥባቸው እንደኖረ ከሃያ ሰባታችን የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። በደብተሬ ላይ እንዲህ ያለ ዓምድ የለም።

«አፍንጫሽን ሸፍኚ» አሉኝ እሜቴ።

ሸፈንኩ። ጋቢውን ገለጡት።

ቁስል የለም። ከዳሌያቸው ሥር ለስላሳ አጎዛ ሁለት ቦታ ታጥፎ ተደርጎላቸዋል። ገላቸው የጠራ ነው፤ ተረከዛቸው ቅቤ ተቀብቷል፤ የእግራቸው ጥፍር ተቆርጧል። የሚሸተው ሳሙና ነው። አፍንጫዬን የሸፈንኩበትን ነጠላ አወረድኩት።

እናቴ የራሳቸውን ሻሽ ፈታች።

ጸጉራቸው ተሠርቷል። ሹሩባ ነው። ከሁለት ቀን አይበልጠውም፤ ቅቤው ገና አልደረቀም። ከግንባር እስከ ማጅራት ዘጠኝ መስመር፣ ቀጭን ቀጭን፣ የተጠነቀቁበት። ዘጠኙም መስመር ወደ ግራ ዘመም ይላል።

ሴት ተሰብስቦ ዝም ሲል ያየሁት ይኼ ሁለተኛው ነው።

እሜቴ ሙሉሐረግ በአንድ ጣታቸው አንዱን መስመር ከግንባር ይዘው እስከ መጨረሻው ሄዱበት። ጣታቸው ወደ ግራ ሄደ። ከዳሱ የይሄነው ሳል ተሰማ። የእናቴን ገላ እጄ አይነካም፣ ዓይኔም አያይም፣ ብሎ ነበር በአፋፉ ላይ። ወንድ ልጅ ሰው ፊት ማለት ያለበትን ነው ያለው። እኛም ሃያ ሰባታችን እንደ ወጉ አመንነው።

«ልፍታው?» አለች እናቴ በሹክሹክታ። ሬሳ ሲታጠብ ጸጉር ይፈታል።

«አይነካም» አሉ እሜቴ። አመዱን ወደ ጥግ ገፉት። «ታጥበው አብቅተዋል። እኛ ለወጉ ያህል ውኃ እናፍስስባቸው።»

አፈሰስን። የታች ሰፈሯ ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ እናቴ ተከተለቻት። እኔ ውኃ አቀባይ ስለነበርኩ እጄ አልተመቸኝም።

ስንወጣ ይሄነው ከዳሱ ቀና ብሎ አየን። አንዳችንን ሳይሆን አራታችንንም በየተራ ነው ያየን። ፊቱ በነሐሴ ጭጋግ መሀል እንደ ከሰል ጠቁሯል። እናቱ መሞታቸው ብቻ አልነበረም የሚያስፈራው፤ ያየነውን ማየታችንን እየጠየቀን ነበር። አንዲት ቃል ከወጣችን ጠላ ቤቱ ለሰባት ዓመት የሚበቃው ወሬ ያገኛል። የእናቱን ገላ ያየ ልጅ፣ ሹሩባ የሚሠራ ወንድ።

እሜቴ ሙሉሐረግ ዳሱ ሙሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አጥበናቸዋል። እኛው ነን ያጠብናቸው።»

ይሄነው አንገቱን ሰበረ። ከዚያ ነው ጮኾ ያለቀሰው።

ያን ቀን የመቆፈር ተራ አልነበረብኝም። የሐዘን ቤት አይቆፍርም፤ የእኛም ቤት እንደምታውቁት ምሕረት አለው። ዶማዬን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ዝናቡ ጉድጓዱን በላይ በኩል እየሞላ፣ ወንዶቹ በታች በኩል እየጨለፉ ነበር። ጋሽ ሞላ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው፤ ጥርሳቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከትተዋል።

«ምነው ቆያችሁ?» አሉኝ። «ይህን ሁሉ ሰዓት እዚያ ውስጥ ምን ስታወሩ ነው?»

ሌሎቹም ዶማቸውን አቁመው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«ስለ ሽንኩርት» አልኩ።

«ሬሳ እያጠባችሁ?»

«ብዙ ሽንኩርት ነበር ጋሽ ሞላ። ድንጋዩ በየት በኩል ነው?»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ወደ ምሥራቁ ጫፍ ጠቆሙኝና ቦታ እንዲኖረኝ ወደ ግራ ጠጋ አሉልኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ ገባሁ።